የፋንታዬ ልጅ የወጋችኝ መርፌ

ፋንታዬ የበደለችኝ አዲሱ መንግሥት በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በዋለው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማልረሳው ቂመኛ ስለሆንሁ አይደለም፤ የስልክ ኦፕሬተር ስለነበርሁ ነው። እኛ ደባርቅን ከአዲ አርቃይ፣ ቆላ ድባን ከአዲስ አበባ የምናገናኘው ሰዓት እያየን ነበር። የመስመሩን ገመድ ሰዓት እያየን እንሰካለን፣ ሰዓት እያየን እንነቅላለን። ዕድሜውን እንደዚያ የጨረሰ ሰው ማን መቼ ምን እንዳደረገው ቢመዘግብ አይፈረድበትም።

የሆነው እንዲህ ነው። መንግሥት ሲለወጥ የሠራተኛው ፎርም ሁሉ እንደገና ይሞላ ተባለ። ፎርሙ ላይ የትውልድ ዘመን የሚል መስመር አለ። እኔም ብዕሬን አነሳሁና የተወለድሁበትን ዓመት በአምስት ዓመት ወደዚህ ሳብ አደረግሁት። ሌላው ያላደረገውን አላደረግሁም። በዚያ ሳምንት በጎንደር ከተማ ስንት ሠራተኛ እንደገና ጎረምሳ እንደሆነ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ጡረታ በሃምሳ አምስት ነበርና ሁሉም ወንበሩ ላይ ትንሽ መሰንበት ፈልጎ ነው።

ከጎኔ የተቀመጠችው ፋንታዬ ነበረች። አንገቷን አሰገገችና ፎርሜን አየች። ከዚያ ፎርም ለሚሰበስበው ጸሐፊ፣ እየሳቀች፣ «ኧረ እሷ እኮ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ ናት» አለችው። ጸሐፊው ሳቀ። እየሳቀ የድሮውን ፋይል አወጣ፣ እየሳቀ አመሳከረ፣ እየሳቀ አምስት ዓመቴን መለሰብኝ። ፋንታዬ የራሷን ስድስት ዓመት ቀንሳ ነበር፤ የእሷን ማንም አላየባትም። ጊዜው ሲደርስ እኔ ወጣሁ። ወንበሬን ማን ወሰደው ብትሉ፣ ፋንታዬ። ዘመኔን ሙሉ በግራ ጆሮዬ ላይ የኖረውን ማዳመጫ ሳይቀር እሷ ወረሰችው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ይታረምልኝ። ፋንታዬን አዝዬ አላውቅም። ብበልጣት በአንድ ዓመት ነው።

ከዚያ ወዲህ አላነጋገርኋትም። ሰፈራችን አንድ ነው፣ የማርያም ማኅበራችንም አንድ ነው። ለእሷ ብዬ ማርያምን አልተውም፤ ስለዚህ በየወሩ እሄዳለሁ። ነገር ግን ጽዋው ሲዞር ከእሷ እጅ እንዳልቀበል ከበሩ ላይ ቆሜ ሰው ቆጥሬ ነው የምገባው። እሷ ከወዲያ ማዶ፣ እኔ ከወዲህ ማዶ። የማኅበሩ ሰው ከመልመዱ የተነሣ መሐላችን ያለውን ቦታ ለእንግዳ አይሰጠውም።

አሁን ወደ ጆሮዬ ልምጣ። ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ ድምፁን እየቀነሰብኝ መጣ። ጎረቤት ያንሾካሹካል። ባለ ሱቁ ያንሾካሹካል። ቄሱ ሳይቀሩ ስብከታቸውን ከፊት ለተቀመጡት ብቻ ማድረግ ጀመሩ። ስለ እኔ ምን እያወሩ ይሆን እያልሁ ስንት ወር ተብሰለሰልሁ። የአንዳንዱንም ሰው ሰላምታ በዚሁ ምክንያት አቆምሁ። ነገሩ የገባኝ አንድ ቀን ስልክ በግራ ጆሮዬ ሳነሣ ነው። ጸጥ። ልዘጋው ስል ከሥራ የቀረ ልማድ ነውና መስመሩን ልፈትሽ ብዬ ወደ ቀኝ ጆሮዬ አዞርሁት። ታናሽ ወንድሜ ታከለ ከኮሶዬ እየጮኸ ነው። ወደ ግራ መለስሁት፤ ጸጥ። ወደ ቀኝ፤ ታከለ። መስመሩ ደህና ነበር። የተበላሸው በእኔ በኩል ነው።

ሰላምታ ያቆምሁባቸውን ሰዎች ግን አልመለስኋቸውም። ሌላም ጥፋት አይጠፋባቸውም።

ቆይቶ ማዞር ተጨመረበት። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ልመርጥ ጎንበስ ስል መሬቱ ዘወር አለና የነጋዴዋ ክምር ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥሁ። ሴትዮዋ ደንገጥ እንኳ ሳትል፣ «እማማ፣ መምረጥ ይቻላል፤ መቀመጥ ግን አይቻልም» አለችኝ። ከእሷም አልገዛም። በዚህ አያያዜ ከጎንደር ሰው ጋር ተጣልቼ ከማለቄ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረብኝ።

የጆሮ ሐኪሙ ወጣት ነው። ጆሮዬን አየ፣ ድምፅ እያሰማ ፈተነኝ፣ ከዚያ ወንበሩን ይዞ ተነሣና በቀኜ በኩል መጥቶ ተቀመጠ። ሐኪም መሆኑን ያመንሁት ያን ጊዜ ነው።

«እማማ፣ አንዱ ጆሮ ብቻውን እንዲህ ሲደክም፣ ከጀርባው ያለውን ነርቭ ማየት አለብን። ነርቩ ላይ እብጠት ሊኖር ይችላል።»

«ካለስ?»

«ካለ ልኩን እናውቃለን። ሳናውቀው ካደገ ፊትንም ሊያጣምም፣ አንጎልንም ሊጫን ይችላል።»

«ከሌለስ?»

«ከሌለ እፎይ ይላሉ።»

የሚታየው ኤምአርአይ በሚባል ማሽን እንደሆነ ነገረኝ። መጀመሪያ እንዲሁ ያነሡኛል፤ ከዚያ በደም ሥሬ መድኃኒት ይሰጡኝና እንደገና ያነሡኛል። መድኃኒቱ እብጠት ካለ እዚያ ውስጥ ይገባና በፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ያደርገዋል። ያለ እሱ፣ ትንሽ ከሆነ፣ ሊያመልጥ ይችላል።

«ቀለም ነው?» አልሁት።

«ቀለም አይደለም። ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት አለበት፤ ሰውነትን እንዳይጎዳ በሌላ ነገር ተይዞ የተሠራ ነው።»

«ከዚያስ የት ይሄዳል?»

«ኩላሊት ያወጣዋል። አብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ በሽንት ይወጣል።»

«አብዛኛው?»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «በጣም ጥቂት ሰውነት ውስጥ ሊቀር ይችላል። እስካሁን የቀረው ጉዳት ማድረሱ አልተረጋገጠም። ሳያስፈልግ የማንሰጠውም ለዚህ ነው።»

እውነቱን ስለተናገረ ወደድሁት። «አብዛኛው» የምትለዋ ቃል ግን ከእኔ ጋር ቤት ገባች። አብዛኛው ገንዘብ ተገኘ ሲባል፣ አብዛኛው ሰው ተረፈ ሲባል፣ እኔ የምጠይቀው ስለ ቀረው ነው።

ልወጣ ስነሣ ሐኪሙ፣ «አይስጉ፣ እዚያ የምትሠራው ባለሙያ ጎበዝ ናት፤ ምሥራቅ ትባላለች። መርፌውንም ራሷ ናት የምትሰጠው» አለኝ።

ተመልሼ ተቀመጥሁ። ምሥራቅ የፋንታዬ ልጅ ናት።

«ሌላ ባለሙያ የለም?»

«አንድ ማሽን፣ አንድ ባለሙያ ነው ያለን።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንዲት ሴት ወንበሬን ወሰደች፤ ልጇ ደግሞ ብረት ይዛ ደም ሥሬ አጠገብ ልትቆም ነው። ካልሄድሁ በጭንቅላቴ ውስጥ ምን እንዳለ ሳላውቅ እኖራለሁ፤ ከሄድሁ ደግሞ እጄን ለእነዚያ ሰዎች እሰጣለሁ። የሚያስፈርሙትን ወረቀት ወደ ቤት ወስጄ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ማቅለሽለሽ ይላል፣ ራስ ምታት ይላል፤ አልፎ አልፎ ሽፍታና ማሳከክ ይላል፤ እጅግ አልፎ አልፎ ትንፋሽ የሚያሳጥር ከባድ አለርጂ ይላል። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ደግሞ ቆዳንና የውስጥ አካልን የሚያደድር በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል አስቀድሞ ደም ይመረመራል ይላል። በሕይወቴ ብዙ መርፌ ተወግቻለሁ፤ ፈርሚልኝ ያለኝ መርፌ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ብቻዬን እንደማልሄድ ወሰንሁና ታከለን ከኮሶዬ አስጠራሁት። ምስክር ያስፈልገኛል። ታከለ ገበሬ ነው፤ እርሻውን ትቶ፣ ባቄላ በከረጢት ይዞ መጣ። ነገሩን ስነግረው አገጩን እያሻሸ አዳመጠኝ።

«ምነው እታለም፣ ብረት በደም ሥር ምን ሊያደርግ?»

«እንዲያበራ።»

«ምኑ?»

«ጭንቅላቴ።»

ታከለ አሰበና፣ «ሸጋ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር አንቸገርም» አለ።

አንድ ችግር ነበረብኝ። በቀበሌ መታወቂያዬ ላይ ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት ነው። መሥሪያ ቤቱ ቢመልስብኝም ቀበሌው አልመለሰብኝም፤ አምስቱን ዓመት እዚያ አትርፌ አስቀምጫቸዋለሁ። ታከለ ደግሞ ሰባ እንደሞላው አገር ያውቃል። ሰባ ዓመት የሞላው ሽማግሌ የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት «እታለም» እያለ ከጠራ፣ ፎርም የሚያይ ሰው ቀርቶ ግድግዳም ይጠይቃል። በዚያ ላይ የምትጠይቀው የፋንታዬ ልጅ ናት። ምሽቱን ለእናቷ ስትነግር፣ ፋንታዬ «አላልሁም?» ስትል ታየኝ። ስለዚህ ባጃጁ ውስጥ ታከለን በቀኜ አስቀምጬ አስጠናሁት።

«ዛሬ እታለም እንዳትለኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«በስሜ ጥራኝ።»

ታከለ እንደ ተሰደበ ሰው ዞር ብሎ አየኝ። «ሰባ ዓመት ያልጠራሁትን ስም ዛሬ ከየት አመጣዋለሁ?»

«ስሜን ታውቀዋለህ አይደል?»

«ማወቁንስ አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያ በለው።»

አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። «አይወጣም» አለ። ባለ ባጃጁ በመስተዋት እያየን ይስቃል።

ምሥራቅን ከትንሽነቷ በኋላ በቅርብ ያየኋት ያን ቀን ነው። ቅንድቧ የእናቷ ነው። ተነሥታ እጅ ነሣችኝና፣ «እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። ደህንነቴን ገና አላየነውም አልሁ በሆዴ። ደም ተቀዳሁ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ፎርም ትሞላ ጀመር።

«ዕድሜ?»

«ስድሳ ስምንት።»

ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች።

«የኩላሊት ሕመም? አለርጂ? የሚወስዱት መድኃኒት?»

«የለም። የለም። የለም።» በጠላት ቢሮ ውስጥ «የለም» የመሰለ መልስ የለም።

«እኚህ አባት ምንዎ ናቸው?»

ታከለ ቀድሞኝ፣ «ከዚች ሴትዮ ጋር ነው የመጣሁ» አለ።

«ዘመድ ነዎት?»

«ይቺ ሴትዮ ታውቀኛለች» አለ ታከለ፣ ላቡን እየጠረገ። ምሥራቅ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። ከመንገድ ያነሣሁት ሰው ሳይመስላት አልቀረም።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ወንበሯን አስጠጋች። በግራዬ በኩል ነበርና አላየኋትም አልሰማኋትምም፤ ነገሩ ሲገባት ዞራ በቀኜ መጣች። «እትዬ፣ ኩላሊትዎ ደክሟል። የምንሠራው ስሌት አለ፤ የደሙን ውጤትና ዕድሜን አንድ ላይ ነው የሚያየው። በስድሳ ስምንት ዓመት ካሰብነው መርፌ ከሚከለክለው መስመር በጥቂት ከፍ ይላል፣ መርፌውን መስጠት ይቻላል። ዕድሜዎ ከዚያ ከበለጠ ግን ከመስመሩ በታች ይወርዳል። እና ዕድሜዎ እርግጠኛ ነው?»

መጣች አልሁ። እኔ እኮ ይህን ጥያቄ ከየት በኩል እንደሚመጣ ስጠብቀው ነው የከረምሁት፤ በኩላሊቴ በኩል ይመጣል ብዬ ግን አላሰብሁም።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?» አልኋት።

ምሥራቅ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እማዬ እዚህ መሆንዎንም አታውቅም። እዚህ የሰማሁትን ቤት አልናገርም፤ ሥራዬ ነው።»

«እኔም ኦፕሬተር ነበርሁ። ሥራችን የሰማነውን አለመናገር ነበር። እናትሽም ኦፕሬተር ነበረች።»

ታከለ ክፍሉ ሲከብደው ሊረዳኝ ፈለገ መሰለኝ፣ «እታለም፣ ምነው ተነሺ እንሂድ» አለ።

ምሥራቅ ወደ እሱ ዞረች። «አያ፣ እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ሰባ ሞልቶኛል፣ ልጄ፣ ምስጋና ለእግዚአብሔር።»

«እሳቸውስ ታላቅዎ ናቸው?»

ታከለ አየኝ። ዓይኔን አፈጠጥሁበት። ከኮሶዬ ድረስ ለምስክርነት የመጣ ሰው ነውና መሰከረ። «የአባታችን ቀይ በሬ ገደል ሲገባ እሷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። በሬው ሲወድቅ አይታ ቅሏን ጥላ እየጮኸች ወጣች። እኔ ያን ጊዜ በጀርባዋ ነበርሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አዝላ ያሳደገችኝ ናት» አለ።

ያንኑ ቃል። ከስንት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ቢሮ፣ በሌላ ፎርም ፊት፣ ከገዛ ወንድሜ አፍ። ምሥራቅ ብዕሯን አላነሣችም።

«እትዬ፣ አልጽፍም፤ እርስዎ ሲነግሩኝ ነው የምጽፈው። እኔ ዕድሜዎን የምፈልገው ለወሬ አይደለም፣ ለኩላሊትዎ ነው። እሱ የሚደክመው በሠራው ዓመት ልክ ነው እንጂ መታወቂያ አይቶ አይደለም።» ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። «ዛሬ ውኃ ጠጥተዋል?»

«ጹሚ ተብዬ የለም?»

«ለአራት ሰዓት ያህል ምግብ እንዳይበሉ ነው የተባለው። ውኃ አልተከለከለም። ስንት ሰዓት ጾሙ?»

«ከሰኞ ጀምሮ።»

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ላስረዳት ሞከርሁ። ጊዜው ሑዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፌ አይዞርም። ከዘጠኝ በኋላም ሐኪም ጾም ብሎ ካዘዘ ያው ጾም ነውና፣ በጥርጣሬ ከመወጋት ንጹሕ ሆኖ መወጋት ይሻላል ብዬ ከማታዋ ቁራሽ በቀር ሁሉንም ትቼ ነበር። እኛ ቤት ውኃ የሚጠጣበት ጾም የለም። ምሥራቅ ግንባሯን ያዘች። ከዚያ ዓይኗ የመሐረቤ ቋጠሮ ላይ አረፈ።

«እዚያ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ምንም።»

ታከለ፣ መመስከር ከጀመረ አይቀር ብሎ፣ «የጉልበቷ ክኒን ነው፣ ልጄ» አለ።

ፈታሁት። አንዲቷን አነሣችና አየቻት። «ይህ የሕመም ማስታገሻ ኩላሊትን ይጎዳል። ማን አዘዘልዎ?»

«ባለ ሱቁ።»

«በቀን ስንት ይወስዳሉ?»

«ሲያመኝ ብቻ ነው።»

«መቼ መቼ ያምዎታል?»

«ሁልጊዜ።»

ፎርሙን ዘጋች። «ዛሬ መርፌ የለም፣ እትዬ። ክኒኑን ይተዉ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ሐኪሙንም እነግረዋለሁ። በዐሥር ቀን ደምዎ እንደገና ይታያል።»

እያነከስሁ ወጣሁ። ስገባ ልትገድለኝ ነው ብዬ ነበር፤ ስትከለክለኝ ደግሞ ሆን ብላ ልታስቀረኝ ነው አልሁ። ታከለ፣ «እታለም፣ ልጅቱ ብትወጋሽም ጥፋት፣ ባትወጋሽም ጥፋት፤ ምን ታድርግልሽ?» አለኝ። ምስክሬን እዚያው ባጃጁ ውስጥ ሻርሁት። እሱ ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም።

ያን ዐሥር ቀን አልረሳውም። ንስሐ አባቴ ለሕመም ነው ብለው ውኃውን ፈቀዱልኝ። ታከለ ጣሳ ያዘና፣ በቅሎ ወንዝ እንደሚያወርድ ሰው፣ ሳልጨርስ ከፊቴ አይሄድም ነበር። «እታለም፣ ይቺን።» «እታለም፣ አንዲት ጣሳ።» በአራተኛው ቀን ስልክ ጮኸ፤ በቀኜ አነሣሁት። ምሥራቅ ነበረች፤ ውኃ እየጠጣሁ እንደሆነ ልትጠይቅ ነው። ድምፁ የፋንታዬ ድምፅ ነው፤ ከሥራ ፈረቃ ስንቀባበል «ተረኛ ነኝ» ስትል የነበረው ድምፅ። ልዘጋባት እጄ ሄዶ ነበር። «እየጠጣሁ ነው» አልሁና ቆየሁ። እሷ እስክትዘጋ።

በዐሥረኛው ቀን ደሜ ታየ። ኩላሊቴ ተሽሎታል፤ ከመስመሩ በደንብ ከፍ ብሏል። ምሥራቅ አዲስ ፎርም አወጣችና ዕድሜ የሚለውን ባዶ ትታ ሌላውን ሞላች። ከዚያ ብዕሩን ከነፎርሙ ወደ እኔ ገፋችው።

ሰባ ሦስት ብዬ ጻፍሁ። በእጄ፣ በራሴ ብዕር አያያዝ። ቀጥሎ ማቅለሽለሹንም፣ ሽፍታውንም፣ ትንፋሹንም አንብቤ ፈረምሁ።

«አሁን መድኃኒቱን አሳዪኝ» አልኋት።

አሳየችኝ። ክዳኑ ያልተነካ መሆኑን አየሁ፣ የሚያበቃበትን ቀን አየሁ፣ ስሙንና ቁጥሩን በወረቀት ገለበጥሁ። ልኩ ከአንድ ሲኒ ያነሰ፣ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ጣጣ ለዚህ ነው ወይ ያሰኛል። ከዚያ በላዬ ያለውን ብረት ሁሉ አስወለቀችኝ። ከነጠላዬ ጫፍ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ከቀሚሴ ጠርዝ አንድ የስፌት መርፌ ተገኘ። ታከለ ሲያይ፣ «ብረቱስ ድሮም አልጎደለሽ» አለ።

ማሽኑ ውስጥ ስገባ በእጄ የሚጨመቅ ነገር ሰጠችኝ፤ ከጨነቀኝ እንድጨምቀው። እንደ ገባሁ ጨመቅሁት። ማሽኑ ቆመ። እየሮጠች መጣች።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ምንም። መስመሩ መሥራቱን ላጣራ ነው።»

ሁለተኛም ጨመቅሁት። ሦስተኛ ስጨምቀው፣ «እትዬ፣ መስመሩ ይሠራል፤ እኔም እዚሁ ነኝ» አለችኝና እግሬን መታ መታ አድርጋ ሄደች። ከዚያ ያ ማሽን ጀመረ። ሃያ ኦፕሬተሮች በአንድ ጊዜ ሲሰኩና ሲነቅሉ እንደማለት ነው፤ በቀኜ በኩል ብቻ።

መርፌው ሲሰጠኝ ብርድ በክንዴ ወጣ። ምላሴ ላይ ሳንቲም የላስሁ ያህል የብረት ጣዕም መጣ። ይኸው፣ አልሁ። ወጣ ወጣና ጉሮሮዬ ላይ እስኪደርስ ጠበቅሁት። ትንፋሼን ቆጠርሁ። አላጠረም። ጣዕሙም ጠፋ። ምሥራቅ ክንዴን እንደ ያዘች ነበረች፤ መያዟን ያወቅሁት ስትለቀኝ ነው።

ከወጣሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት አጠገቧ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ዓይኗን ከወረቀቷ ሳታነሣ፣ «እማዬ ይቅርታ ልትጠይቅዎ ከፈለገች ቆይታለች። ትፈራዎታለች» አለችኝ።

«ይቺ ናት የመርፌው ዋጋ?»

«አይደለችም። የሰማሁትን ከዚህ አላወጣም እንዳልሁ ነው። ከቤት የሰማሁትን ግን እነግርዎታለሁ።»

ገልብጬ የያዝሁትን ቁጥር ይዤ ሁለት ፋርማሲ ሄድሁ። ሁለቱም መድኃኒቱ ያው የተባለው መድኃኒት ነው አሉኝ። ሦስተኛ አልጠየቅሁም፤ ሁለቱ ባለ ፋርማሲዎች ዘመዳሞች አለመሆናቸውን ግን አጣርቻለሁ።

ሐኪሙ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረጋቸው። በመጀመሪያው ላይ ምንም አላየሁም፤ እሱም ይህ ነው ብሎ የሚያሳየኝ አልነበረውም። በሁለተኛው ላይ፣ ከግራ ጆሮዬ ጀርባ፣ አንዲት ነጭ ነገር በርታለች። የሽምብራ ፍሬ ታክላለች።

«ይቺ ናት» አለ። «ክፉ ዓይነት አትመስልም። ቀስ ብላ ነው የምታድግ፤ አንዳንዴም አታድግም። በሰባ ሦስት ዓመት ዕድሜ ጭንቅላት ለመክፈት አንቸኩልም። በዓመቱ እናያታለን። መድኃኒቱንም ያን ጊዜ ካስፈለገ ብቻ ነው።»

«ስድሳ ስምንት ብሆንስ ኖሮ?»

ፈገግ አለ። «ያን ጊዜ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር።»

«ጆሮዬስ?»

«እሱ አይመለስም፣ እማማ።»

ታከለ ከረጢቱን አጠፈ። እኔም ግራ ጆሮዬን በእጄ ያዝሁት። ስንት ሰው ያገናኘሁበት ጆሮ ነው። ቀኜ ገና ይሰማል፤ ለቀረችው ዕድሜና ለቀረው ሰው ይበቃል።

ምሥራቅን በደልኋት፤ ይህን እኔው ተናግሬያለሁና ሌላ ሰው እንዳይነግርልኝ። በዓመቱም እሷ ካልሆነች በቀር ማንም እንደማይወጋኝ ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ።

በወሩ የማርያም ዕለት ወደ ማኅበር ሄድሁ። በበሩ ላይ ሰው አልቆጠርሁም። ከግድግዳው ጥግ፣ በግራዬ አንድ ቦታ ክፍት ትቼ ተቀመጥሁና ፋንታዬን በእጄ ጠራኋት። ተነሣች፣ መሐል ያለውን ቦታ አቋርጣ መጣች፣ በግራዬ ተቀመጠች። እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ መናገር ጀመረች። ያን ጊዜ ምሥራቅ ቃሏን እንደ ጠበቀች አወቅሁ፤ ፋንታዬ የትኛው ጆሮዬ እንደ ሞተ አታውቅም። ረጅም ሰዓት ተናገረች። መሐል ላይ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። የማኅበሩ እናት እልል አሉ።

ሁለት ጊዜ ራሴን ነቀነቅሁ። ምን እንዳለች አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በግራዬ አስቀምጣታለሁ።